የሉማሜው ሰውዬ ቻርጀር

ሰውዬው ከሉማሜ ሲመጡ የስልካቸውን ቻርጀር በፌስታል ጠቅልለው፣ ጋቢያቸው ሥር ሸጉጠው ነው። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ካለችው የይስማው የጥገና ሱቅ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፤ ተቀመጡ ቢባሉ ግን እሺ አይሉም። ስልኩንም ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ለማንም አይሰጡም።

«እስቲ ዛሬም ለካው፣ ልጄ። የኛ አገር መብራት አንዴ ይደክማል፣ አንዴ ያብዳል።»

ይስማው በቴስተሩ ለካ። አምስት ቮልት፣ ንቅንቅ የለም።

«ደህና ነው አባባ። ውስጡ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ ማብሪያ አለው። መብራቱ ሲደክም ረዘም አድርጎ ያበራል፣ ሲያብድ ቶሎ ያጠፋል። ለስልኩ የሚደርሰው ሁልጊዜ እኩል ነው። ባለፈውም ነግሬዎታለሁ።»

ሰውዬው የደረት ኪሳቸውን ዳበስ አደረጉ።

«ታዲያ ደህና ከሆነ፣ መተማ ሰሊጥ አጨዳ የሄደው ልጄ ለምን አይደውልም? ለገና እደውላለሁ ነበር ያለኝ። ይኸው ፋሲካም አለፈ።»

ይስማው ቻርጀሩን ሊመልስላቸው የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ።

«ይቆዩ እስቲ፣ አንድ ነገር ላልቶ ይሆናል» አለና፣ ምንም ያልሆነውን ቻርጀር መፍታት ጀመረ።

ሰውዬው ያን ጊዜ ተቀመጡ።