ኩሬ ውስጥ የተደበቀው ደወል

በስደት ባለሁበት ከተማ፣ ዮቪል በሚባለው ሰፈር የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት የቼክ አገር ሰው ናቸው፤ እማማ ነው የምላቸው። ኮሮና መጥቶ አገር ሲዘጋ የብርድ ልብስ ሱቄም ተዘጋና ከእማማ ጋር ኩሽና ውስጥ ተፋጠጥን። እኔ ደግሞ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ያበግነኛል። ደግነቱ እሳቸው ጨዋታ ያውቁበታል።

ጨዋታቸው ሁሉ ስለ መንደራቸው ነው። በወጣትነታቸው፣ የባዕድ ታንክ አገራቸው የገባ ጊዜ ጥለዋት የወጡ ናቸው። መሃሏ ላይ ኩሬ አለ፤ ከኩሬው ከፍ ብሎ ጎጆ የምታክል ነጭ ጸሎት ቤት፣ ደጃፏ ላይ የመንደሩ ሰው የሚጠለልበት ትልቅ የሊንደን ዛፍ።

"ይኸው ነው? ይኼማ እኛም ቀበሌ አለ" አልኳቸው።

"ደወሉን መች ነገርኩሽና!" ብለው ተቆጡኝ።

ከዚያ ቀደም፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመኖች የየመንደሩን ደወል እያወረዱ ለመሣሪያ ያቀልጡት ነበር። የእማማ መንደር ሰዎች ቀድመው ደወላቸውን ኩሬው ጭቃ ውስጥ ቀበሩት። ታዲያ የዚያ ኩሬ ውኃ በየዓመቱ ብርዱ ሳይገባ ይለቀቅና ዓሣው ይታፈሳል፤ የገና ምግባቸው እሱ ነው። ውኃው ቢለቀቅ ደወሉ ሊታይ ሆነ። ስለዚህ ጦርነቱ እስኪያበቃ ኩሬውን የነካው የለም፤ ልጅ አዋቂው ገናን ያለ ዓሣ ዋለ። አንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አላለም። ወይ ሰዎች! እኛ ብንሆን በማግስቱ ገበያው ሁሉ ይሰማ ነበር።

ጦርነቱ ሲያበቃ ደወሉ ወጥቶ ቦታው ተሰቀለ፤ ከዚያ ወዲህ ከመንደሩ ሰው በሞተ ቁጥር ያ ደወል እኩለ ቀን ላይ ይደወላል። ደዋዩ የእማማ ብቸኛ ወንድም ነበሩ። እሳቸው ታመው ሆስፒታል ሲገቡ አውሮፕላን ቆሟል፤ እዚያም ለቀብር መሰብሰብ ተከልክሏል። እማማ ስልኩን እያዩ፣ "ለሁሉም ደውሎ ለእሱ የሚያለቅስለት ሰው ይጣ?" ይሉ ነበር። አንጀቴን ይበሉኝ ነበር።

አንድ ምሽት እማማ መታጠቢያ ቤት ሳሉ ስልካቸው ጮኸና አነሳሁት። የወንድማቸው ልጅ ናት፤ በእንግሊዝኛ አባቷ ማረፋቸውን ነገረችኝ። ነገ እኩለ ቀን ላይ ደወሉን ራሷ ትደውለዋለች።

መርዶ በምሽት ይነገራል እንዴ? የት ያደግሁ ነኝ! እራት አቀረብኩላቸው። ሲተኙ የግቢያችን ትልቅ ሰው ወደሆኑት ወደ ስልጤው ጋሼ ክፍል ሄድኩ።

"ደግ አደረግሽ፣ ይተኙ። ማለዳ አብረን እናረዳቸዋለን" አሉኝ።

ሲነጋ የአገሬ ልጅ የሆነው ተከራይ ሁሉ ጭምብሉን አድርጎ እማማ በር ላይ ተራርቆ ቆመ። እማማ በሌሊት ልብሳቸው ወጡ።

"ምንድን ነው? ቤት ተቃጠለ?"

ጋሼ ጎንበስ ብለው ነገሯቸው። እማማ ወደ እኔ ዞሩ።

"ማታ ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

"እያወቅሽ ሾርባ አበላሽኝ?"

"ለማልቀስም አቅም ያስፈልጋል፣ እማማ።"

በቁጣ ገላመጡኝ። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ከእኛም ወደ ክፍሉ የተመለሰ የለም።

እኩለ ቀን ላይ ስልኩ ጮኸ፤ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ያ ጭቃ ውስጥ የከረመ ደወል ዮቪል ግቢ ውስጥ ተሰማ፤ ቀጭን ነው፣ ግን ጥርት ያለ። ያን ደወል በመስማቴ እስከ ዛሬ እኮራለሁ። የእማማ እንባ ድምፅ ሳያሰማ ወረደ። እኛ ታዲያ ዝም ብሎ ማልቀስ የት እናውቅና! "ወይኔ ወንድም ጋሼ!" ብዬ ጀመርኩ፤ ሴቶቹ ተቀበሉኝ፤ ጋሼም ፊታቸውን በክንዳቸው ሸፍነው ተንሰቀሰቁ።

ደወሉ ሲቆም ልጅቷ በቋንቋቸው የሆነ ነገር ጠየቀች። እማማ ባጭሩ መለሱላትና ስልኩን ዘጉ።

"ምን አለችዎት?" አልኳቸው።

"ለአባቴ እንዲህ የሚያለቅሱት እነማን ናቸው አለችኝ።"

"ምን አሏት ታዲያ?"

እማማ አፍንጫቸውን ጠረጉ።

"የመንደራችን ሰዎች ናቸው አልኳት።"