የአክስቴ ጸበልና የሶባ ወረፋ

ወረፋ አልወድም። ካርቱም ውስጥ ለዳቦም፣ ለቤንዚንም፣ ለመኖሪያ ፈቃድም ቆሜ ቆሜ፣ ሦስት ሰው ተሰልፎ ካየሁ ደሜ ይፈላል። አክስቴ፣ "አንተን ለገነትም ቢያሰልፉህ ጥለህ ትመለሳለህ" ትለኝ ነበር። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጀሪፍ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን፣ እሷ በሰው ቤት ምግብ እየሠራች፣ እኔ ቤት ቀለም እየቀባሁ እንኖር ነበር።

የሱዳኖቹ አብዮት ከተማውን ባመሰበት ሰሞን እግሯ ማበጥ ጀመረ። ጫማዋ እምቢ ሲላት የእኔን ነጠላ ጫማ ታደርግ ጀመር። ተጋድማ መተኛት ስላቃታት ሦስት ትራስ ደርባ ትደገፋለች። ሰፈራችን ያለች ትንሽ ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ሐኪሙ "የልብ ድካም ነው" ብሎ የሚያሸና ክኒን አዘዘላት። ክሊኒኳን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ጭር ያለች ናት፣ ሐኪሙም ትሑት ነው፤ ገና ሳንቀመጥ እንጠራለን። ሶባ ወዳለው ትልቁ ሆስፒታል ውሰዳት ያሉኝን ጎረቤቶች፣ "እዚያ ተሰልፋ ትሙትላችሁ?" ብዬ አፋቸውን አስያዝኳቸው።

ክኒኑ ሳምንት ያሽላታል፤ ከዚያ እግሯ ተመልሶ ያብጣል። ሐኪሙ ክኒን ይጨምራል። እኔም በበኩሌ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን አንድ ጀሪካን ጸበል ተሸክሜ እመጣለሁ። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ ትልቁን ጣሳ ሁለቴ እየሞላሁ እሰጣታለሁ። ሲያቅታት፣ "ትንሽ ነው የቀረሽ፣ ጨርሽው" እላታለሁ። ለእኔ ስትል ትጨርሰዋለች።

አንድ ጠዋት ከንፈሯ ጠቆረ፤ መናገርም አቃታት። ክሊኒኳ ተዘግታለች። በታክሲ ወደ ሶባ ስንበር ወጣቶች መንገዱን በድንጋይ ዘግተውታል። አክስቴን ሲያዩ ግን "ያላ፣ ያላ!" እየተባባሉ ድንጋዩን በእጃቸው አንስተው አሳለፉን። እነዚያን ልጆች እስከ ዛሬ እመርቃቸዋለሁ።

ሆስፒታሉ እንደፈራሁት ሰው በሰው ላይ ነበር። እሷን ግን ወዲያው ተቀብለው ኦክሲጅን አደረጉላት፣ መርፌ ወጓት፤ ትንፋሿ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ አንዲት ጠና ያለች ሱዳናዊት ነርስ መጥታ ቅልጥሟን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገች፤ ጣቷ ያረፈበት ጎድጉዶ ቀረ። ወደ እኔ ዞረች።

"ሐበሻ ናችሁ አይደል? ጠዋት በባዶ ሆድ የምትጠጣው የቤተ ክርስቲያን ውሃ አለ?"

"አለ።"

"ስንት?"

የጣሳውን ቁመት በእጄ አሳየኋት። ከዚያ ጣቴን ሁለት አድርጌ አሳየኋት።

"ማነው የሚሰጣት?"

ያንኑ ጣቴን ወደ ራሴ መለስኩት። ነርሷ ትከሻዬን ያዘችኝ።

"መዓሌሽ፣ አይዞህ ልጄ። ልቧ ውሃውን መግፋት አቅቶታል። ክኒኑ ያወጣል፣ አንተ መልሰህ ትሞላለህ። የእናንተ ሰዎች ብዙ መጥተውብኛል። የእኛዎቹም የመካውን ዘምዘም እየጠጡ ይመጣሉ።"

አክስቴ ከአልጋው ላይ፣ "የእግዚአብሔር ጸበል ይጎዳል ብለሽ ነው?" አለቻት።

"ላ፣ ኻልቲ፤ አይጎዳም አክስቴ። በረከት በሊትር አይለካም። ሹወያ፣ ሹወያ፤ በትንሽ በትንሹ። አንድ ጉንጭ ጠጪ፣ በቀረው ታጠቢ" ብላ ትንሽ የመድኃኒት መለኪያ ኩባያ ሰጠቻት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የእኔም ነገር ይኸው ነበር። የክሊኒካችን ሐኪም ደግ ሰው ነው፤ ጊዜም ነበረው። ግን እንደ አክስቴ ያለ ስንት ሰው አይቶ ይሆን? ነርሷ ጊዜ አልነበራትም። ምን እንደምትጠይቅ ግን ታውቅ ነበር፤ ያስተማሯት ከእኛ በፊት እዚያ የተሰለፉት ሰዎች ናቸው።

ቤት ስንመለስ፣ "በገዛ እጄ ልገድልሽ ነበር" ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አክስቴ ጀሪካኑን አስቀረበችኝ። በትንሿ ኩባያ ለክታ አንድ ጉንጭ ጠጣች።

"ጎንበስ በል" አለችኝ። ጣሳውን ሞልታ አናቴ ላይ አፈሰሰችው። "ይኼ ደግሞ ላንተ በሽታ። በሶባ ቀጠሮዬ ቀን ሳትነጫነጭ ትሰለፋለህ።"

ተሰለፍኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ የራሷን ጫማ አድርጋ አጠገቤ ቆማ፣ ከፊትና ከኋላ ካሉት ሴቶች ጋር ስታወራ ሳያት፣ ወረፋው ባያልቅ ብዬ ተመኘሁ።