ፕሬዝዳንታችን የወረደ ጊዜ

የሰፈራችን ዕድር ሊቀመንበር እንጂ ፕሬዝዳንት አልነበረውም። ፕሬዝዳንት ያልኩት እኔ ነኝ፤ ኮሚቴውንም ፓርላማ ብዬ የሰየምኩት እኔው። ድሬ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ስም አንዴ ከተለጠፈ በአሲድም አይለቅም፣ ስለዚህ ሽማግሌው ሊቀመንበራችን ፕሬዝዳንት ሆኖ ቀረ።

ሥልጣኑ በሙሉ አንድ ሜጋፎን ነበር። ሰው ሲሞት ማለዳ ተነስቶ ይዞራል፤ አንዱ መታጠፊያ ላይ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በሶማሊኛ፣ አስፋልቱ ዳር በአማርኛ ይጠራል። የትኛው በር በየትኛው ቋንቋ እንደሚከፈት ያውቃል። የእኛ ሟች አያድርም፤ ጀናዛው ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሶላት፣ ይወጣል፣ ጥሪውን ያልሰማ አይደርስም። ድምፁ ሁርሶ ጦር ማሠልጠኛ ያሉትን ሠልጣኞች ከአልጋ አስነስቶ ያሰልፋል እያልኩ አወራበት ነበር። እሱም፣ "አቦ፣ አንተ ስትሞት በሹክሹክታ ነው የምጠራልህ፣ ሰው እንዳይመጣ" ይለኛል።

አንድ ቀን የጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ረዳት ሰፈራችን ውስጥ ሞተ። ዘመድ የለው፣ የዕድር አባል አይደለ። ፕሬዝዳንቱ ማንንም ሳያማክር ድንኳኑን አስተከለ፤ በሦስቱም ቋንቋ ጠራለት፤ አስቀበረው። በዚያው ሰሞን ቴሌቪዥኑ አንድ ሩቅ አገር ያለ ፕሬዝዳንት ከፓርላማው ጋር ተጣልቶ ሲወርድ ያሳይ ነበር። ኮሚቴያችን ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ሥርዓቱን ከዚያ ተማረ። ጠቅላላ ስብሰባ ተጠራ፤ ክስ ተነበበ፤ ድምፅ ይሰጥ ተባለ። ፊት ቢሆን ኖሮ ሁለት ሽማግሌ ቆጣ ብለውት ነገሩ በሻይ ያልቅ ነበር።

ድሬ ውስጥ አያትህንም ቢሆን አንተ ነው የምትለው። የዚያን ቀን ግን ጸሐፊው፣ "እርስዎ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ" ብሎ ጀመረ። ሽማግሌው ሌላ ሰው የተጠራ መስሎት ወደ ኋላው ዞሮ አየ።

"ሬሳ ስብሰባ እስኪጠራ ይጠብቃል እንዴ?" አለ። ሌላ መከላከያ አልነበረውም።

ልሟገትለት ተነሳሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የዚያን ቀን ያህል የምሬን ተናግሬ አላውቅም። ግን አፌን ስከፍት መሳቅ የለመደ ሕዝብ ነው። ይህ ሰው ከወረደ ማን እንደሞተብን እንኳ ሳንሰማ እንቀራለን አልኩ፤ ጣሪያው በሳቅ ሊነሳ ደረሰ። እየሳቁ እጃቸውን አወጡ። እሱ ሜጋፎኑን በሽርጡ ጫፍ ጠራርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

ከዚያ ወዲህ ከቤት አልወጣ አለ። ሚስቱም ታማበት ነበር። ከከተማው ወጣ ያለችው የቢዮ አዋሌ ገጠር ሰው ናት፤ አማርኛ ለገበያ ካልሆነ አትናገርም፣ ወዳጆቿም የውስጥ ለውስጡ መንገድ ሶማሊ እናቶች ናቸው። ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር በሩ ድረስ ይሸኘኝና አንድ ነገር ብቻ ይላል።

"እሷን ማን ይጠራላታል?"



አንድ ማለዳ አረፈች። አዲሱ ሊቀመንበር ጨዋ ሰው ነው፣ ክፋት የለበትም፤ አስፋልቱን ዳር ለዳር ሄዶ በአማርኛ ጠርቶ ተመለሰ። ድንኳኑ በወንዶች ሞላ። የሴቶቹ ግቢ ውስጥ ግን የጎረቤት ሁለት ሴቶች ብቻ ተቀምጠዋል። ፕሬዝዳንቱ በየጊዜው ወደ ግቢው አንገቱን ያዞራል። ፀሐይዋ የዚያን ቀን ወደ ዙሁር የሮጠችውን ሩጫ ባጃጅም አይሮጠው።

ሐዘንተኛ ከተቀመጠበት አይነሳም። እሱ ተነሳ። ሜጋፎኑን ከአዲሱ ሊቀመንበር እጅ ወሰደ፤ ማንም ደንብ አልጠቀሰበትም። ተከተልኩት። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ በኦሮምኛ ጠራ፣ ድምፁ ደህና ነበር። ቀጥሎ በሶማሊኛ ሊጠራ አፉን ከፈተ፤ ቃል አልወጣም። ቤታቸው ውስጥ የሚያወሩት በዚያ ቋንቋ ነበር። እንደገና ሞከረ። ግድግዳውን ተደገፈና ሜጋፎኑን ለእኔ ሰጠኝ።

"በል አንተ" አለ።

የእኔ ሶማሊኛ በቲማቲም ዋጋ ለመከራከር እንጂ ለሌላ አይሆንም። የመጋላ ሴቶች ለሳቅ ብለው ብቻ ያናግሩኛል። ስሟን ጠራሁ፤ አረፈች አልኩ፤ ከዙሁር በፊት ድረሱ አልኩ። ቋንቋውን እንዳልነበረ አድርጌ ሰባብሬው ይሆናል።

በሮቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። ሴቶቹ ሻሻቸውን እየጠመጠሙ ወጡ፤ በአጠገቤ አለፉ። አንዷም አልሳቀችም።