የጋሽ ታደሰ የጆሮ መሸፈኛ

እኔ ሹክሹክታ አልፈጠረብኝም። እሪ በከንቱ ሰፈራችን ሆኜ ስስቅ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ይሰማል ይሉኛል። ለዚህም ነው መርዶ የማልላከው። ያን ቅዳሜ ግን ሰው ጠፋና፣ የጎረቤታችን የጋሽ ታደሰ ወንድም ሌሊት ሐኪም ቤት ማረፉን ጎህ ሲቀድ ላረዳቸው ሄድኩ።

ጋሽ ታደሰ ቆቅ አዳኝ ናቸው። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ሲተኩሱ የሚያደርጉትን ትልቅ የጆሮ መሸፈኛ ደፍተው፣ ጠመንጃ ሲወለውሉ አገኘኋቸው።

"ጋሽ ታደሰ" አልኩ በቀስታ። አልሰሙም። ትንሽ ከፍ አደረግሁት፤ አሁንም ዝም። መርዶ ደግሞ እየጮኹ አይነገርም፤ አሮጊት እናታቸው ውስጥ ተኝተዋል። ቢጨንቀኝ መሸፈኛውን በገዛ እጄ ከራሳቸው ላይ አወለቅሁት።

"ጋሼ፣ እንግዲህ የእግዜር ነገር..."

"አውቃለሁ እታለም። ሌሊት ደውለውልኛል።"

"ታዲያ አደን ሊሄዱ ነው?"

"ወዴት እሄዳለሁ? ዘመድ እስኪሰበሰብ እማማ እንዳትጠረጥር ብዬ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠመንጃ ስወለውል ነው የምታውቀኝ።"

"መሸፈኛውስ? እዚህ ማን ይተኩሳል?"

ሳይመልሱልኝ ከውስጥ የእናታቸው ድምፅ መጣ።

"ልጄ፣ ወንድምህ እንዴት አደረ?"

ጋሽ ታደሰ መሸፈኛውን ከእጄ ወስደው ጆሯቸው ላይ መለሱት።