አርሴማን ያስኬዳት ብልቃጥ

የቀያችን በለጠች ፈታይ ናት። የመንዝ በግ ፀጉር እጇ ሲገባ ጉም ይመስላል፤ ሲወጣ ክር ነው። ይህን ባየሁ ቁጥር እደነቃለሁ። ከዚህ የሚበልጠውን ግን ያየሁት ባለፈው ጥቅምት ነው።

ልጇ አርሴማ ዳውን ሲንድሮም አለባት። ሦስት ዓመት ሞልቷትም በእግሯ አልቆመችም ነበር። ጎረቤቶች «እግዜር እንዲሁ ፈጥሯታል፤ አዝለሽ ኑሪ» ሲሏት፣ በለጠች «እኔ ስሞትስ ማን ያዝላታል?» ትል ነበር። ልጇ በገዛ እግሯ ደጅ እንድትወጣ እንጂ ሌላ ምኞት አልነበራትም።

በሚያዝያ የበለጠች ታናሽ ወንድም ደመላሽ ከአዲስ አበባ አንድ ብልቃጥ እንክብል ይዞላት መጣ።

«እታለም፣ እንደሷ ላሉ ልጆች ነው አሉኝ። አእምሮ ይከፍታል፤ እግር ያጸናል።»

«ማነው ያለህ?»

«ሻጩ።»

«ሻጭማ መካኗን በግ ሲሸጥም መንታ ትወልዳለች ይላል!»

ቢሆንም ልጇን አዝላ፣ ብልቃጡን ይዛ ጤና ጣቢያ ወረደች። ነርሷ፣ ሲስተር ጽናት፣ የልጅቷን ደም አስመረመረች።

«ደሟ አንሷል፤ ለእሱ የብረት ሽሮፕ እሰጥሻለሁ። ይህ እንክብል ግን እግር እንደሚያጸና ማስረጃ የለውም፤ አትስጫት። የእነዚህ ልጆች ጡንቻ ላላ ይላል፤ ይዘገያሉ እንጂ ይሄዳሉ። እንቁላልና ወተት አታጉድዪባት። አጫውቻት፤ እንድትንጠራራ አድርጊያት።»

«በጾሙም?»

«በጾሙም። ሕፃን አይደለች እንዴ!»

የወንድም ስጦታ አይጣልም። በለጠች ክዳኑን በክር ጥፍር አድርጋ አሰረችና ብልቃጡን ከአርሴማ ፊት አንቀጫቀጨችው። ልጅቷ ስቃ እጇን ዘረጋች። እናት ወደ ኋላ ስትል ልጅ ዳኸች። ከዚያ ወዲያ ያልተፈተለው ፀጉር ከምሰሶው ሥር ተነጠፈ፤ ብልቃጡም ምሰሶው ላይ፣ የአርሴማ እጅ ከሚደርስበት ትንሽ ከፍ ብሎ ተሰቀለ። ምሰሶውን ይዛ ትቆማለች፤ ፀጉሩ ላይ ዘጭ ትላለች፤ ደግሞ ትነሣለች። ክረምቱ በዚህ አለፈ።

ጥቅምት ላይ ደመላሽ ሁለተኛ ብልቃጥ ይዞ ሲመጣ እኔም ግቢው ውስጥ ነበርኩ። በለጠች ደጅ ቆማ የፊተኛውን አንቀጫቀጨች። አርሴማ ከጓዳ ብቅ አለች። እጆቿን እንደ ክንፍ ዘርግታ፣ እየተንገዳገደች ደፉን ተሻገረችና የእናቷን ቀሚስ ጨበጠች።

«አላልኩሽም!» አለ ደመላሽ እየዘለለ። «መድኃኒቱን ጨረሰችው?»

በለጠች ብልቃጡን አቀበለችው። ክሩ እንደታሰረ ነው።

«አንዲት ፍሬ አልቀመሰችም። ተከትላው ነው የሄደችው።»

ደመላሽ አፍሮ አዲሱን ወደ ኪሱ ሊመልስ ሲል አርሴማ ነጠቀችው። እያንቀጫቀጨች፣ እናቷን ዞር ብላ እያየች ወደ መንገዱ አመራች። በለጠች እንዝርቷን ጥላ ተከተለቻት፤ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ኧረ ቀስ በይ፣ እመቤት! አልደረስኩብሽም!» ትል ነበር።