ስምንት ያሉኝን ሃያ ገዛሁ

ጋሼ ተሰማን የምታውቁ ሁሉ፣ መርዶው ደርሷችኋል ብዬ እገምታለሁ። የቢሯችን የዱር እንስሳት ባለሙያ የነበሩት ጋሼ ተሰማ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ እዚሁ ጋምቤላ፣ ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ አርፈዋል። በቀብራቸው ላይ ስለ ትጋታቸው ብዙ ተነግሯል። እኔ ግን ያልተነገረ ነገር በሆዴ ይዤ መቀመጥ አቃተኝ። ቤት ውስጥ ስንጎራደድ ሰነበትኩ፤ ይህችን ጽሑፍ እንኳ በአንድ ቁጭታ አልጨረስኳትም።

እርሳቸውም መቀመጥ አይሆንላቸውም ነበር። ክልሉ በተቋቋመ ማግስት፣ ቢሮው ውስጥ ከወንበሩ ሰዉ በበዛበት ጊዜ፣ ሥራ የጀመርኩት በእርሳቸው ሥር ነው። የነበረችውን አንዲት ወንበር ለእኔ ሰጥተው፣ እርሳቸው መስኮቱ ደፍ ላይ ደብተራቸውን አስደግፈው ቆመው ይጽፉ ነበር። ያኔ ሁሉም ክፍል ክልሉ ውስጥ ያለውን ይመዘግባል፤ የእርሳቸው ድርሻ ወፎቹ ነበሩ። አንድ ወፍ ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ረግረግ ውስጥ የሚኖር፣ ምንቃሩ እንደ ጫማ የሰፋ፣ ትልቅ ግራጫ ወፍ ነው። ታንኳ ቀዛፊያችን ኡጁሉ ደጋግሞ እንዳየው ይነግራቸዋል፤ እርሳቸው ግን በዓይናቸው ያላዩትን አይጽፉም።

ስለዚህ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ያስፈልግ ነበር። «መነጽር ይገዛልን» ብለው ቢጽፉ፣ ከግዥ ክፍል የመጣው መልስ «የሐኪም ማዘዣ ይያያዝ» የሚል ሆነ። ወትሮም መነጽር ያደርጉ ስለነበር ዓይናቸው የባሰባቸው መስሎን «እግዜር ይማርዎ» ያልናቸው ብዙዎች ነን። እርሳቸው ስቀው ሦስት ገጽ ማብራሪያ ጻፉ።

ሲፈቀድ፣ አዲስ አበባ ሄጄ እንድገዛ የተላክሁት እኔ ነኝ። ከመሄዴ በፊት እየተንቆራጠጡ በቃሌ አስጠኑኝ። መነጽሩ ላይ ከሚጻፉት ሁለት ቁጥሮች የመጀመሪያው ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው፤ ከስምንት እንዳይበልጥ። ሁለተኛው የፊተኛው መስታወት ስፋት ነው፤ አርባ ሚሊሜትር ከሆነ ማለዳም ብርሃን አያንሰውም። ዓይን የሚያርፍበት ጎማ የሚታጠፍ ይሁን፣ እንደ እርሳቸው መነጽር ላደረገ ሰው ይመቻል። ደግሞም ሱቅ ውስጥ ሆኜ እንዳልመርጥ፣ ውጭ ወጥቼ ቆሜ በእጄ ይዤ እንድሞክር አስጠነቀቁኝ።

ነጋዴው ሁለት መነጽር ባንኮኒው ላይ አኖረ። አንዱ ስምንት በአርባ ነው። ሌላው ግን ግዙፍ፣ ሃያ እጥፍ የሚያቀርብ። ሃያ እያለ ስምንት የሚገዛ ሰው ገጥሞት እንደማያውቅ ነገረኝ። እኔም ለጋሼ ያነሰውን ይዤ አልገባም አልኩ። ክርኔን ባንኮኒው ላይ ተክዬ ስመለከት፣ ከመንገዱ ማዶ የቆመውን ሰው የሸሚዝ ቁልፍ ቆጠርኩ። ውጭ ወጥቼ ሳልሞክረው ገዛሁት።

ጋሼ ካርቶኑን ከፍተው ቁጥሩን አዩ። ባሮ ዳር ደርሰው ተመለሱና፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሃያ ጊዜ የሚያቀርበው ወፉን ብቻ አይደለም፤ የያዘውን እጅ መንቀጥቀጥም ነው» አሉኝ። ለማንም አልነገሩብኝም። ቢሮው «ከታዘዘው የተሻለ አመጣች» ብሎ አመሰገነኝ። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

በበጋው ኡጁሉ ወፉ መጥቷል ብሎ ጠራን። ከደንገሉ ማዶ፣ በጣም ሩቅ፣ አንድ ግራጫ ነገር ቆሟል። ጋሼ መነጽሩን አነሱ፤ አወረዱ። ትንፋሻቸውን ያዙ፤ በኡጁሉ ትከሻ ላይ አስደገፉት። ታንኳዋ ግን መወዛወዟን አልተወችም።

«እሱ ነው ጋሼ፤ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ጻፉ በቃ» አለ ኡጁሉ።

እኔም ለመንኳቸው። ጥፋቴ እንዲሸፈንልኝ ነበር።

«ሰናይት፣ እኔ ያየሁት መንቀጥቀጥ ነው» አሉኝ። «መንቀጥቀጥን ወፍ ብዬ አልመዘግብም።» ደብተራቸው ላይ ከወፉ ስም ትይዩ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አድርገው ከደኑት።

ስምንት በአርባውን በዘመድ አስመጥቼ በእጄ ያስገባሁት ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ነው። አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ጎማውን አጠፉ፤ በመስኮቱ አሻግረው ማንጎው ላይ ጎጆዋን የምትሠራ ወፍ አገኙ። «ይኼ ነው» አሉ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩትን ሕሙማንና አስታማሚዎች ሁሉ ተራ በተራ አሳዩአቸው። ከዚያ አንገቴ ላይ አጠለቁልኝና ረግረጉ ሳይሞላ እንድሄድ አዘዙኝ።

ጋሼ፣ ሠልስትዎ እንዳለፈ ሄድኩ። ኡጁሉ መቅዘፊያውን ጭቃው ውስጥ ተክሎ ታንኳዋን ያዘልኝ። እንደዚያን ጊዜው ከደንገሉ ማዶ አንድ ግራጫ ነገር ቆሞ ነበር። ስምንቱን አነሳሁ፤ እጄም ጸና። ዓይኔ ግን እንባ ሞላና መስታወቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። እንባዬን ጠርጌ ስመለከት ተነሥቶ ሄዷል። ኡጁሉ እኔንም «ጻፊ በቃ» አለኝ።

ማረፍ ለማይወዱት ለእርስዎ «ይረፉ» ማለት ይከብደኛል፤ ግን ይረፉ፣ ጋሼ። ደብተርዎ እኔ ዘንድ ነው፤ የጥያቄ ምልክቱም እንዳለ ነው። ያላየሁትን አልጻፍኩብዎትም።