ሆርሞን ያልናት ልጅ

የእድራችን ጸሐፊ ቆሞ ያነበበው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «የሆርሞን ሃይማኖት ተከታይ በሆኑት አባል ቤት የሐዘን ድንኳን እንዳይተከል ኮሚቴው ወስኗል።» ማህተም ተመቶበታል። እኔ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብና መጻፍ ተምሬ እዚያው ላይ የቆምኩ ሴት ነኝ፤ ጸሐፊው ግን ዲግሪ አለው። ያቺ ወረቀት እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች። ከሌላው ሰው ይልቅ እኔን የምታቃጥልበትን ምክንያትም አልደብቅም።

አባል የተባለችው ጓሮዬ ካሉት ክፍሎች በአንዷ የምትኖር ተከራዬ ናት። እዚሁ ዲላ በአንድ የግል ክሊኒክ ነርስ ናት። እናቷ ጨለለቅቱ ከተማ፣ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ስትለፋ ኖራ ብቻዋን ነው ያሳደገቻት። ጉልበቷ ሲደክም ልጅቷ አመጣቻትና አብረው መኖር ጀመሩ። እናትየው እንደ እኔው ጴንጤ ነበረች፤ እሁድ እሁድ አብረን ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን። ልጅቷ አትመጣም። ቤቷ ቁጭ ብላ የራሷን መጽሐፍ ታነባለች።

መጀመሪያ ያጣላን ቡና ነው። በገባች በሳምንቷ ጠርቻት ሲኒውን ሳቀብላት እጇን ሰበሰበች።

«ይቅርታ እማማ፣ ቡና አልጠጣም።»

«ጨጓራ ነው?»

«አይ፣ ሃይማኖቴ አይፈቅድም።»

«ሻይስ?»

«ሻይም አልጠጣም።»

«ታዲያ ሰው ቤት ምን ልትሠሪ ትሄጃለሽ?»

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። «እናትሽ በቡና አይደለም ወይ ያስተማረችሽ?» አልኳት።

«በቡና ነው እማማ። ዩኒፎርሜም ደብተሬም ከቡና ነው የመጣው። አልጠጣም አልኩ እንጂ አልናቅኩትም።»

መልሱ ደህና ነበር፤ እኔ ግን ተቀይሜ ነበርና አልሰማሁትም። ማታውን ዩኒቨርሲቲ የምትማረውን የልጅ ልጄን ጠየቅኳት። ስልኳን እየነካካች «ሞርሞን ናት እኮ፤ የአሜሪካ ሃይማኖት ነው፣ ብዙ ሚስት ያገባሉ» አለችኝ። ጆሮዬ የሚያውቀውን ቃል ያዘ። በማግስቱ በአጥሩ በኩል ለጎረቤቴ «ሆርሞን የሚባል ሃይማኖት ነው ያላት» አልኳት።

«ያ ዶሮ እንዲወፍር የሚወጉት?»

«እንጃ» አልኩ።

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። እንጃ ስል ነገሩን ከፍቼ ተውኩት፤ ሰፈሩ እንደፈለገ ሞላው። ነርስ ናት፣ መርፌ ትወጋለች፣ ሃይማኖቷ ሆርሞን ነው። በሁለት ወር ውስጥ ወሬው አድጎ ተመለሰልኝ፦ ልጃገረዶችን በመርፌ ታመክናለች፣ ከዚያ ለአሜሪካኖች ሦስተኛና አራተኛ ሚስት እንዲሆኑ ትመዘግባቸዋለች ተባለ። አንዳንድ እናቶች ልጃቸውን ለክትባት ወደ ክሊኒኩ መውሰድ አቆሙ። ወሬው ከእኔ አፍ እንደወጣ ያኔ ገባኝ። ዝም አልኩ። ይበርዳል ብዬ ነው።

ከወሬው ይልቅ እሷኑ ልጠይቃት ብዬ አንድ ቅዳሜ በሯን አንኳኳሁ። ልብስ እያጠበች ነበር። የጠየቅኳትን ሁሉ መለሰችልኝ። ሃይማኖቱን የጀመረው አሜሪካዊ ሰው፣ መልአክ አሳይቶኝ በወርቅ ላይ የተጻፈ መጽሐፍ አገኘሁ እንዳለ ነገረችኝ። አላምነውም አልኳት፤ እርስዎ ማመን የለብዎትም አለችኝ። ብዙ ሚስት ስለማግባቱ ስጠይቃት ድሮ እንደነበረ፣ ከተከለከለ ግን ብዙ ዘመን እንደሆነው፣ ዛሬ ሁለት ያገባ እንደሚባረር ነገረችኝ። ቀጥላ ሳልጠይቃት አንድ ነገር ጨመረች።

«ጥቁር ወንድ ክህነት እንዳይሰጠው ለረጅም ጊዜ ከልክለው ነበር። ክልከላው የተነሣው እናቴ እኔን ከመውለዷ በፊት ነው።»

ደሜ ፈላ። «ይህን እያወቅሽ ገባሽ?»

«አውቄ ነው የገባሁት። ሳነበው አልቅሻለሁ። መልሱን ዛሬም አላገኘሁትም።»

በዚህ ነገር ብዙ ተናገርኳት፤ ዛሬም እናገራለሁ። ሃይማኖት አይነካም የምል ሰው አይደለሁም። ጥቁርን ከመሠዊያ ያራቀ ሰው በእግዚአብሔር ስም ማራቁ ያናድደኛል። የሰፈራችን ሰው ግን ይህን እውነተኛ ጥፋት አያውቀውም፣ ሊያውቀውም አልፈለገም። ሞርሞኖቹ ያደረጉት ቁጭ ብሎ ሳለ ያላደረጉትን ፈጥሮ ይከሳል። ሰውን ባላጠፋው ጥፋት የሚከስ ባጠፋው ሊከሰው አይችልም፤ ማን ያምነዋል?

ይህ ነገር በእኛ ላይ ደርሷል። በደርግ ጊዜ እኛን ጴንጤዎችን መብራት አጥፍተው ይዘሙታሉ ይሉን ነበር። የፈረንጅ ሰላይ ተብለናል። የታላቅ እህቴ ሕፃን ሲሞት መቀበሪያ ከልክለውን ሬሳ ይዘን ዞረናል፤ ያንን ጥቅል የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ። ዛሬ ያንን ወረቀት የፈረመው ኮሚቴ ግማሹ የእኛው ቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። ግማሹ ኦርቶዶክስ፣ አንዱ ሙስሊም። በሌላ ነገር ተስማምተው አያውቁም፤ በዚህች አንዲት ሴት ላይ ተስማሙ።

እናትየው አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሞተች። ቀብሩ ለማግስቱ ሆነ፣ እድሩ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ተሰበሰበ፣ ወረቀቱ ተነበበ። እጄን አወጣሁ። የእድሩ ዳኛ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያለው ሰው ነው፤ እናቱ ገበያ ስትሄድ እያዘልኩ ያሳደግኩት ስለሆነ አንተ ነው የምለው።

«እማማ፣ ሟቿ የእኛ ናት» አለኝ። «ከቀብሩ ማንም አይቀርም። ድንኳኑን ጨለለቅቱ ያለው ወንድማቸው ቤት እንተክላለን። ልጅቷ ቤት ከተከልን ሃይማኖቷን መቀበል ይሆንብናል።»

«ድንኳን የሚተከለው ለማን ነው?»

«ለሟች ክብር ነዋ።»

«ሟች ድንኳን ውስጥ ትቀመጣለች? የሚቀመጠው ሐዘንተኛ ነው። እናቷ የሞተችባት እዚህ ጓሮዬ ናት።»

ከኋላ አንዲት ሴት «ልጆቻችንን የምታመክን ሴት ቤት ሄደን እንቀመጥ ነው የሚሉት?» አለች።

«ማንን አመከነች? ጥሪልኝ።»

«ይባላል።»

«ይባላል የማን ልጅ ናት? የትኛው ቀበሌ ነው የምትኖረው?»

ሰው ሳቀ። ወደ ጸሐፊው ዞርኩ። «አንተ፣ ሆርሞን ብለህ የጻፍከውን ከየት አገኘኸው?»

«ሁሉም የሚለው ነው።»

«ሁሉም ከማን ሰማ?»

ጸሐፊው ወረቀቱን ማገላበጥ ያዘ። «ከእኔ ነው» አልኩ። «ስሙ ሞርሞን ነው። ሆርሞን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጆሮዬ ስቶ ነው። መርፌውን የጨመራችሁበት እናንተ ናችሁ። የተማረ ሰው አንዲት ያልተማረች አሮጊት የሳተችውን ቃል ማህተም መትቶበት አነበበልን።»

«ታዲያ ጥፋቱ የእርስዎ ነዋ» አለኝ ዳኛው።

«የእኔ ነው። ቅጣቱን በእኔ ላይ ጻፉት። ድንኳኑን ግን አምጡ። ሰበባችን ብዙ ሚስት ነው እንዳትሉኝ፣ አባትህ ሲሞት ሁለቱም ሚስቶቹ በዚሁ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ሲያለቅሱ መሐላቸው የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

ዳኛው እጅ ይውጣ አለ፤ ድንኳኑ ጓሮዬ ይተከል የሚለው በጥቂት ድምፅ ብልጫ አለፈ።

ድንኳኑ ከቀብር መልስ ሐዘንተኛው ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ በኋላ መጣ። ሰዎቹ ተክለው ሳይቀመጡ ሄዱ። ከመጡት ሴቶች ግማሾቹ ድንኳኑ ውስጥ አንገባም ብለው ጓሮዬ ያለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር ተኮለኮሉ። ዝርዝር ይዤ አልዞርኩም እንጂ ማን የት እንደተቀመጠ አውቃለሁ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሣ ልጅቷ አጠገቤ መጥታ ቆመች። ስብሰባው ላይ ያልኩትን ነግረዋታል።

«እርስዎ ነዎት የጀመሩት?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እናቴ ሰምታው ነበር» አለችኝ። «ባለፈው ወር አስቀምጣኝ 'እውነት የሰው ልጅ ታመክኛለሽ?' ብላ ጠየቀችኝ። አይ እማዬ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። አምናኝ ይሁን አይሁን አላወቅኩም። አሁን ማንን ልጠይቅ?»

ይቅር አላለችኝም፤ እኔም ደግሜ አልለመንኳትም። በዚያ ጥያቄ ላይ ይቅርታ ቢጨመርበት ምን ያደርጋል? በማግስቱ ነጠላዬን ለብሼ ከጎረቤቴ ጀምሬ በር በበር መዞር ያዝኩ። እያንዳንዱ ቤት ገብቼ «ያ ወሬ ውሸት ነው፤ ከእኔ አፍ ነው የወጣው» እላለሁ። አንዳንዱ «ያለፈ ነገር ነው፣ ይተዉት እማማ» ይለኛል። አልተውም እላለሁ። አንዷ በሩን ዘግታብኛለች፤ መስኮቷ ሥር ቆሜ ነግሬያታለሁ። እስካሁን የታችኛውን ሰፈር ጨርሻለሁ። የላይኛው ይቀረኛል።